ተጽፎ ሳይነበብ የቀረ

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 22 ካህኑ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ እንዳገኘ እናውቃለን። መጽሐፉ የተገኘው ከሩቅ አገር አይደለም፤ እዚያው ከእግዚአብሔር ቤት ነው። ነበረ፣ ግን የሚያነበው አልነበረም።

ይህን ክፍል በሚዛን ተፈሪ ስናጠና ሁልጊዜ የምናስበው የቤተ ክርስቲያናችንን አሮጌ ኮምፒውተር ነው። በዊንዶውስ 98 ይሠራል። የመዘምራን ግጥሞች፣ የጥምቀት መዝገብና የቀደሙት አባቶች ምስክርነት በውስጡ አሉ። ከመሰከሩት አብዛኞቹ ወደ ጌታ ሄደዋል።

«ወደ አዲስ ላፕቶፕ ገልብጡት» ትሉን ይሆናል። ገልብጠን ነበር፤ ሲከፈት ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች እንጽፍ ነበር። የዚያ ዘመን ፎንቶች ፊደላችንን ለሌሎች ምልክቶች በተመደበ ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ አለ፣ ንባቡ ግን የለም። ስለዚህ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙንና ፎንቱንም ማቆየት ግድ ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሚዛን እስከ ቴፒ ያለው የቡና አገር ዝናብና እርጥበት ይበዛበታል፤ 1.44 ሜጋባይት የሚይዙት ፍሎፒ ዲስኮች ሻጋታ ያወጣሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥለው ማሽኑን ነቅለን እንጠብቃለን። ሳንቲም የምታህለዋ ባትሪ ስትደክም ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እንቀይራታለን። አሁን አሮጌውን ዊንዶውስ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም እያስነሳን፣ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ እንቀይራለን። ከዚያ አንዳችን ጮክ ብለን እናነባለን፣ ሌላችን እናርማለን።

እንዲህ ስናነብ የአንድ አባት ምስክርነት ወጣ። በደርግ ዘመን በቡና ጥላ ሥር ተሰውረው ሲጸልዩ የጠቆመባቸውን ጎረቤታቸውን በጌታ ስም ይቅር እንዳሉት ተናግረዋል። የሁለቱ ቤት ልጆች ግን እስከ ዛሬ በቡና መሬት ድንበር ተኳርፈው ይኖራሉ። የልጅ ልጃቸው ከእኛ ጋር ነበር፤ ዝም አለ። በሳምንቱ የታተመውን ወረቀት ይዞ ወደ ጎረቤቱ ቤት ሄደ። የድንበሩ ነገር ገና በሽማግሌ እጅ ነው፤ ሰላምታ ግን ተጀምሯል።

ኢዮስያስ መጽሐፉ በመገኘቱ ብቻ ደስ ብሎት አልተቀመጠም። ቃሉ ሲነበብለት ልብሱን ቀደደ፣ ሕዝቡንም ሰብስቦ አነበበላቸው። እኛም አሮጌ ዕቃ ለማክበር አልተጠራንም። ማሽኑ አንድ ቀን መቆሙ አይቀርም፤ የምንደክመው በውስጡ ያለው ሳይነበብ እንዳይቀር ነው።

ወገኖች፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ዲስክ ምን ይዞ ይሆን? በስልካችሁ ያለው መጽሐፍ ቅዱስስ መቼ ተከፈተ?

ጌታ ሆይ፣ በቤታችን ያለውን የምናነብበት ዓይን፣ ያነበብነውንም የምንታዘዝበት ልብ ስጠን። አሜን።