ለገና ምን እንስጥ?

በዲፓርትመንታችን ለገና በዕጣ ስጦታ መለዋወጥ ከተጀመረ ቆየት ብሏል። ስማችን በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል፣ ኮፍያ ውስጥ ይገባል፣ የደረሰንን ሰው ስም ደብቀን እንይዛለን። ደስ ይላል መቼስ። አምና የተሰጡትን ዕቃዎች ልብ ብዬ ሳይ ግን አብዛኛው የፕላስቲክ አበባ፣ ልብ ያቀፈ ድብ፣ ባትሪው በሳምንቱ የሚሞት የጠረጴዛ ሰዓት ነበር። ጥምቀት ሳያልፍ አልጋ ሥር ገብተዋል። ስለዚህ የዘንድሮው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሐሳብ ላቅርብ።

እኔ ያደግሁት ሞጣ አካባቢ ነው። በእኛ አገር ገና ሲባል የገና ጨዋታው፣ ቅርጫው፣ ጠላው ነው እንጂ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አይታወቅም ነበር። ስጦታም የነበረው በሌላ መልኩ ነው። ቅርጫ መግባት ላልቻለች ጎረቤት እናቴ ሥጋውን በሳህን ሸፍና ትልካለች፤ ተላኪው እኔ ነኝ። «ማንም ሳያይህ አድርሰህ ና» ትለኛለች። ለምን ሰው እንዳያይ እንደምትፈልግ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ስለ ትልቅ ስጦታ ሳስብ ደግሞ የሚመጣብኝ የዓባይ ድልድይ ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላትን ጦር ለማገድ አንዱን ቅስት አፈረሱት፤ ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ ያሉ ጎረምሶች እየሳቡት ተሻገረ። ገበያተኛውም፣ ለቅሶ ደራሹም እንዲሁ።

ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው የዚህን ገመድ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። መኪናው እስኪጠገንለት ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነበር ይባላል። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ የጎደለውን ክፍል በብረት ቀጠለው። በ2005 ግን ጎርፍ መጥቶ ወሰደው። ሌላ ሰው ቢሆን «የድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ብሎ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በተቀመጠ። ድርጅቱ ግን ተመልሶ በ2009 በገመድ ብረት የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሠራ። እኔ በበኩሌ ከመጀመሪያው ይልቅ የሁለተኛው ስጦታ ይበልጥብኛል።

ፈረንጆቹ ሌላም ነገር አላቸው። ኦክስፋም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር «ለወዳጅህ በስሙ ፍየል ግዛለት» የሚል የገና ስጦታ ሲሸጥ ነበር። ወዳጅየው ካርድ ይደርሰዋል፣ ፍየሏ ለድሃ አገር ገበሬ ትሄዳለች። ኋላ ግን «ፍየሏ ምን ትበላለች? ውኃስ?» የሚሉ ተነሡ። በደቃቅ ጽሑፍም ገንዘቡ ለጠቅላላው የልማት ሥራ ሊውል እንደሚችል ተጽፎ ይገኛል። ከደጃችን ደረቅ ዓመት ፍየል ምን እንደምትሆን ላየን ሰዎች ጥያቄው አዲስ አይደለም።

«ፍትሐዊ ንግድ» የሚባለው ነገር ለእኔ የበለጠ የሚታመን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተውና አቶ ታደሰ መስቀላ የመሩት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቡናውን በዚህ መንገድ ለውጭ ገበያ ያቀርባል፤ «ብላክ ጎልድ» በተባለው የ2006 ፊልም ላይም ታይተዋል። ገበያው ሲወድቅ ገበሬውን የሚጠብቅ ዝቅተኛ ዋጋ አለ፤ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ይጨመርና ማኅበሩ ራሱ መክሮ ለሚያስፈልገው ያውለዋል። ማለትም ሰጪው ሳይሆን አምራቹ ይወስናል።

ታዲያ ይህ ከእኛ ዕጣ ጋር ምን አገናኘው? እናቴ ጥጥ ፈታይ ናት። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ ስንት ማታ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። የዶርም ጓደኛዬ ግን ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጋቢ በግማሽ ዋጋ «አስለቀስኳቸው» ብሎ ሲያወራ ሁላችንም ሳቅንለት። ያ ግማሽ ዋጋ ከነጋዴው ኪስ የወጣ ይመስላችኋል? ነጋዴው ሽማኔውን ይጫናል፣ ሽማኔው ፈታይዋን፤ ፈታይዋ የምትጫነው ሰው የላትም።

ስለዚህ ዘንድሮ ሁለት ሁለት ሆነን ገንዘብ እናዋጣና የሰው እጅ የሠራውን እንግዛ፤ የአውራ አምባን ጨርቅ ቢሆን፣ የሰፈራችንን ስፌት ቢሆን። ክርክሩን እንተወው። ይህንን ለክፍል ተወካያችን ነግሬው «ስጦታ ነው ወይስ ስብከት?» ብሎኛል። ይበለኝ። ለእናቴም ገበያ እያፈላለግሁ እንዳይመስላችሁ፤ ያለባት ትእዛዝ ይበቃታል።

የምር ጋቢ ማሠራት የሚፈልግ ካለ ግን እስከ ኅዳር መጨረሻ ይንገረኝ። ማጉ ተፈትሎ ሽማኔው ዘንድ እስኪገባ ሳምንታት ይፈጃል፤ እናቴ ደግሞ በበዓል ቀን እንዝርት አትነካም።