ዴንቨር ላይ አልነበብ ያለው ዲስክ

ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ስለ ፖለቲካም አይደለም። (ትንሽ ሾልኮ መግባቱ ግን አይቀርም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ቤት እየተወራ ፖለቲካ የማይገባበት ጨዋታ አላየሁም።)

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ዴንቨር የሚኖሩት የአባቴ ታላቅ እህት፣ ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ደውለው ከእማዬ ጋር ሲጫወቱ ቆዩና ድንገት «የወንድሜ ድምፅ ጠፋኝ» አሉ። «መልኩን ፎቶው ላይ አየዋለሁ። ድምፁ ግን ከጆሮዬ ወጣ። እንዴት ነበር የሚናገረው?»

እማዬ መልስ አጣች። የሰው ድምፅ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

አባቴ ያረፈው በ1999 ዓ.ም ነው። እትዬ ያኔ ወረቀታቸው ስላላለቀ ለቀብሩ አልመጡም። አሁን ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው፤ መምጣት የሚባል ነገር የለም። ስልኩን ከዘጋን በኋላ እማዬ አልጋ ሥር ገብታ አንድ ኩርቱ ፌስታል ጎትታ አወጣች። ውስጡ አራት የቪዲዮ ካሴት። አንዱ ላይ በእስክሪፕቶ «ሰርግ ቁ. 2» ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ፌስታሉ ልንገራችሁ። እኛ የካዛንቺስ ሰዎች ነን። በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ ሁሉም ያገኘውን ይዞ ተበታተነ፤ እኛ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ቤት ተከራየን። እማዬ ያን ጊዜ ቡፌውን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ሶፋውን በርካሽ ሸጣ፣ ካሴቶቹን ግን እንደ እንቁላል በእጇ ተሸክማ ነው የወጣችው። ማጫወቻው ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። «ምን ያደርግልሻል?» ብዬ ተቆጥቻት ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ለእትዬ ቤቱ መፍረሱን አልነገርናቸውም። ተወልደው ያደጉበት ቤት ነው። «በሽተኛ ሰው ይህን ሰምቶ ምን ይረባዋል?» አለች እማዬ፤ በዚያው ተውነው።

ሰፈራችን ስሙን ያወረሰው የልብስ ፋብሪካ ነው፤ የታክሲ ረዳቶች «ጋርመንት! ጋርመንት!» እያሉ የሚጣሩለት። ዋናው መንገድ ዳር «ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» የሚሉ ሱቆች ሞልተዋል። ችግሩ ሁሉም የሚጭኑት ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ነው። ቪዲዮ ዴክ ስል አንዱ ልጅ «እሱ ምንድነው?» አለኝ። በመጨረሻ ዴክ ያገኘሁት አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ነው። ካሴቱን በብርሃን አገላብጦ አየና «ሽበት አብቅሏል» አለ፤ ጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ይታያል። እንዲሁ ከተከተትን ዴኩንም ያበላሻል ብሎ ፈታው፣ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ እያለ ጠረገው። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ከዚያ ዴኩን ሊያውሰኝ ተስማማ።

ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ አቋራጭ የለውም። የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ነው። እኔና እማዬ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠን ጥር 1993ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየነው፤ የእህቴ ሰርግ፣ ግቢው ውስጥ የተጣለው ዳስ፣ ቬሎ፣ ሚዜዎች፣ ካሜራማኑ ሳያስፈልግ ደጋግሞ የሚያሳየው የመኪና መብራት። ብዙዎቹ ሰዎች አሁን በሕይወት የሉም። እማዬ እያንዳንዱን «ነፍስ ይማር» እያለች ታሳልፋለች። አንድ ሰዓት ከአርባ አካባቢ ሲደርስ ሙሽሮቹ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አሉ፣ አባቴ ብድግ አለ። «ውለዱ፣ ክበዱ…» ብሎ ጀምሮ አራት ደቂቃ ያህል መረቀ። ትንሽ ነተፍ የሚል፣ ቃል መጨረሻ ላይ ወደ ታች የሚወርድ ድምፅ። እኔም ረስቼው ኖሯል።

ያን ሦስት ሰዓት ቆራርጬ ሰባ ደቂቃ አደረግሁት። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ሁሉ ትክክል ነበር። ስህተቱ ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው።

«ለምን በቴሌግራም አትልክም?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልኬያለሁ። የእትዬ ልጅ ሌሊት ሌሊት ይሠራል፤ ቀን ሲመቸው ስልኩን ከፍቶ አሳያቸው። «ጥፍር የምታህል ሥዕል፣ ምኑን አየሁት» አሉ። የሚወዱት ሳሎን ያለውን አሮጌ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ ነው፤ መዝሙራቸውን የሚያዩበት፣ ሬሞቱን በዳሰሳ የሚያውቁት። ልጃቸው ሳይኖር፣ ብቻቸውን፣ በፈለጉ ሰዓት ማየት ነው የፈለጉት። ደግሞም በኔትወርክ ላይ ብቻ የተቀመጠ ነገር የራስ ነው አይባልም። የካቲት 2015 ላይ ቴሌግራም ተዘግቶ ለወራት በቪፒኤን ስንገባ የነበርን የዚህ ቻናል አንባቢዎች ይህን ለማስረዳት አንቸገርም።

ስለዚህ ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ወደ አንዱ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ባዶ ዲስክ ከመሳቢያ ሥር ፈልጎ አወጣ፣ ፋይሉን ጎትቶ ዲስኩ ላይ ጣለው፣ ራይት አደረገውና ሰጠኝ። እዚያው ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት፤ ጥርት ብሎ ሠራ። ወደ ዴንቨር ለሚሄድ ሰው አደራ ሰጠሁት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ የእትዬ ልጅ ደወለ፦ «ማጫወቻው ዲስክ የለም ይላል።»

እኔ ያላወቅሁት ይህን ነበር። ዲቪዲ ላይ ያለ ፋይል ሌላ፣ ዲቪዲ ፊልም ሌላ። ሱቁ ውስጥ የተሠራልኝ ዲስኩን እንደ ፍላሽ መጠቀም ነው። ኮምፒውተር ኤም ፒ ፎር የተባለውን ፋይል ያነበዋል፤ የድሮ ማጫወቻ ግን የሚያውቀው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው። ምስሉ ኤምፔግ ሁለት በሚባለው አሠራር መጨመቅ አለበት፣ «ቪዲዮ ቲ ኤስ» የሚባል ፎልደር ውስጥ በተወሰነ ስምና ቅደም ተከተል መቀመጥ አለበት፣ ምዕራፉና ማውጫው የት እንዳለ የሚነግሩ ትንንሽ ፋይሎች አብረው መኖር አለባቸው። መጨረሻ ላይ ዲስኩ መዘጋት አለበት፤ ካልተዘጋ የጻፈው ኮምፒውተር ያነበዋል፣ ሌላው ላያነበው ይችላል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ፕሮግራም ዱሮ ከኮምፒውተሩ ጋር ይመጣ ነበር፤ ዊንዶውስ 7 ላይ ዲቪዲ ሜከር ነበረ፣ ዊንዶውስ 8 ላይ አነሱት። አሁን ላፕቶፑም ዲስክ መክተቻ የለውም።

ተናድጄ ራሴ ልሠራው ተነሳሁ። በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ መጻፊያ ተዋስኩ፣ ዲቪዲ ስታይለር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አወረድኩ። መጠኑን ማስላት ነበረብኝ። ዲስኩ ላይ 4.7 ጊጋ ተብሎ ተጽፏል፣ ኮምፒውተሩ ግን 4.38 ይላል፤ አልተጭበረበራችሁም፣ አንዱ በ1000 ሌላው በ1024 ስለሚቆጥር ነው። ሦስቱን ሰዓት እንዳለ ብጨምቀው በሰከንድ ከ3.5 ሜጋቢት በታች ይደርሰው ነበር፤ የጥንት ካሴት ጭረቱና ጉምጉምታው ብዙ ስለሆነ በዚህ መጠን ሲጨመቅ ፊት ሁሉ ሞዛይክ ይሆናል። ሰባው ደቂቃ ግን 7.5 እያገኘ ዲስኩን እስከ ጠርዙ ሳይሞላ ይገባል። ጠርዝ ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ የሚንተባተበውም እዚያ ነው። የመጻፊያውንም ፍጥነት ወደ 4 ዝቅ አደረግሁ።

ማውጫውን ስሠራ የአማርኛው ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆኖ መጣ። ፎንት ቀይሬ አስተካከልኩት። አንድ ቁልፍ ብቻ አስቀመጥኩ፣ «ምርቃት» የሚል። ዲስኩ ሲገባ እትዬ ሬሞቱ ላይ መሀለኛዋን ከተጫኑ በቀጥታ አባቴ ይናገራል፤ ሰርጉ ከዚያ ይከተላል። በዚህ በጣም ኮራሁ። የጠጋኙን ዲቪዲ ማጫወቻ ለምኜ ሞከርኩት፤ እንደ ሰዓት ሠራ። ሁለተኛውም ዲስክ ተሳፈረ።

ታኅሣሥ ላይ መልሱ መጣ። ዲስኩን አውቆታል፣ ማውጫው ሊመጣ ሲል ምስሉ ወደ ላይ ይንከባለላል፣ ከዚያ ይጠቁራል።

የሱቁ ልጅ «ሪጅን ነው» አለኝ በእርግጠኝነት። እውነት ነው፣ የሱቅ ፊልሞች በክልል ይቆለፋሉ፤ አሜሪካ 1 ናት፣ እኛ 5 ውስጥ ነን። ግን ቤት ውስጥ የተሠራ ዲስክ ማንም ካልቆለፈው አይቆለፍም። ጉዳዩን የፈታው ሽማግሌው ጠጋኝ ነው። «አንተ ልጅ፣ በፓል ነው የሠራኸው?» አለ።

የዕድሜ እኩዮቼ ይህን ልታስታውሱ ይገባ ነበር። ከአሜሪካ የተላከ የሰርግ ወይም የክርስትና ካሴት እኛ ዴክ ላይ ሲገባ ቀለሙ ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይመጣ ነበር፤ «ማልቲ ሲስተም» ዴክ ያለው ቤት የሰፈሩ ሲኒማ ቤት ነበር። እኛ ፓል ነን፣ እነሱ ኤን ቲ ኤስ ሲ። ሥሩ መብራቱ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእነሱ 60። የጥንቱ ቴሌቪዥን የተሠራው በዚያ ልክ ስለሆነ የእኛ ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ቁመቱ 576 መስመር ሆነ፤ የእነሱ 29.97 ፍሬም፣ 480 መስመር። ዲቪዲ ሲመጣ ይህን ልዩነት ወርሶ ቀጠለ። እኛ አገር የሚሸጠው ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይችላል፤ አሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛው የራሱን ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ እዚህ ሞክሬ «ሠራ» ማለቴ ምንም ማለት አልነበረም።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆጣ። ከሰማንያዎቹ ጀምሮ እስከ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ያለው የአዲስ አበባ ሕይወት፣ ዳሱ፣ ለቅሶው፣ ማኅበሩ፣ ግቢው፣ አብዛኛው የተቀረፀው በእንዲህ ያሉ ካሴቶች ነው። ስንቱ ኤዲቲንግ ቤት ዋናውን ካሴት ሌላ ሰርግ ቀድቶበታል፤ ካሴት ውድ ነበር፣ አልፈርድም። ስንቱ ቤተሰብ ደግሞ ሰፈር ሲነሳ «ማጫወቻ የሌለው ካሴት» ብሎ ቆሻሻ ላይ ጥሎታል። የሚፈርስ ቤት ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ግምት ይወጣለታል። ቤቱ ውስጥ ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር የሚያሳየውን ነገር ግን የመዘገበ የለም። ቢያንስ በየወረዳው አንድ የሚሠራ ዴክና አንድ ኮምፒውተር ቢቀመጥ፣ ሰው ተሰልፎ ካሴቱን ቢገለብጥ ስንት ያወጣል? እናንተም ቤት ካለ ዘንድሮ አስገልብጡት፤ ሻጋታው አይጠብቅም። ዲስክንም አትመኑት፤ ርካሹ ፀሐይ ካገኘው ቶሎ ይከዳል። ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ሦስተኛውን ዲስክ በኤን ቲ ኤስ ሲ ሠራሁት። ከ25 ወደ 29.97 ሲቀየር አባቴ ራሱን ሲነቀንቅ ትንሽ ይቆራረጣል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። በሦስት ኮፒ አድርጌ በሁለት የተለያዩ መንገደኞች ላክሁ። በመሃሉ እትዬ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ እማዬ በእነዚያ ቀናት ዲስኩን አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም።

የካቲት ላይ አንድ እሑድ ማታ ራሳቸው ደወሉ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። «ውለዱ፣ ክበዱ…» የሚለው ከወዲያ ማዶ ተሰማ፣ ከእሳቸው ሳሎን፣ በእሳቸው ቴሌቪዥን። እስኪያልቅ ማንም አልተናገረም። ካለቀም በኋላ ረዘም ያለ ዝምታ ሆነ።

«አንቺ» አሉ በኋላ እማዬን፣ «ያቺ ከኋላው የምትታየው ኮክ፣ እኔ ልጅ ሆኜ የተከልኳት፣ አለች አይደል?»

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ።

«አለች እትዬ» አለች። «ዘንድሮም አፍርታ ነበር።»

«ተመስገን» አሉ። «ቆይ እስቲ፣ ልመልሰው።»

ሬሞቱን ሲጫኑት ይሰማል። አባቴ እንደገና ጀመረ።