የነብር ጥፍር በውሰት

ያን የህንዷን ሳታራ ከተማ ቪዲዮ ዛሬ ስንት ሰው ላከልኝ! እሺ፣ አየሁት። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2024 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሳታራ ላለችበት ለማሃራሽትራ ግዛት ለሦስት ዓመት ያዋሰው ባግ ናክ፣ የነብር ጥፍር። መዳፍ ውስጥ የሚደበቅ ነገር ነው፦ ጣት የሚገባባቸው ቀለበቶች፣ ከሥራቸው ቆልመም ያሉ የአረብ ብረት ጥፍሮች። እጅህን ከጨበጥክ ማንም አያይብህም። በ1659 ፕራታፕጋድ ምሽግ ሥር፣ የማራታዎቹ መሪ ሺቫጂና የቢጃፑሩ የጦር አዛዥ አፍዛል ካን ሊታረቁ ሲተቃቀፉ፣ ሺቫጂ የካንን ሆድ የዘረገፈው በዚህ ነው ይባላል። እኛም አገር ሲያቅፍህ ኪስህን የምትይዝበት ሰው አይጠፋም።

ሙዚየሙ ራሱ «የሺቫጂ መሆኑን ማረጋገጥ አልተቻለም» ይላል። የጥፍሩ ማስቀመጫ ሳጥን ጽሑፍማ ሟቹን አፍዛል ካንን የሞጉል ጄኔራል አድርጎታል። ሰውየው ሞጉል አልነበረም! ማሃራሽትራ ግን ጥፍሩን በክብር ተቀበለችው።

ውሰት ከተባለ ሙቀጫችንን ላንሳ። ልጅ ሆኜ አንዲት ጎረቤታችን ወስደውት ከረሙ። በዓል ደርሶ እናቴ «አምጣው» ብላ ላከችኝ። ሴትዮዋ «ውሰድ፣ ግን ነገ በጠዋት መልስልኝ» አሉኝ። የገዛ ሙቀጫችንን! ዘነዘናውንማ ጭራሽ ከለከሉኝ፤ «እሱ የኛ ነው» ብለው። እናቴ «ጎረቤት ናት፣ ተወው» አለች። አልተውኩትም። ይኸው ሸበትኩ፣ አሁንም ያንገበግበኛል።

እንግዲህ በ2018 የዚሁ ሙዚየም ዳይሬክተር ትሪስትራም ሃንት ለኢትዮጵያ የመቅደላን ዕቃ በረጅም ጊዜ ውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን ሲሉ ምን እንደተሰማኝ ገባችሁ። የሳታራውን ጥፍር እንኳ ለእንግሊዙ ሹም ለጄምስ ግራንት ደፍ በስጦታ የሰጡት የማራታ ባለሥልጣን ናቸው ይባላል። የኛን ዘውድና ጽዋ ማን ሰጠ? በ1868 አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲያጠፉ የእንግሊዝ ወታደር የመቅደላን አምባ ዘረፈ፤ የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወረደ። ዝሆኖቹ ደግሞ ከህንድ የመጡ! የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ጦሩን ያሰናዳው ቦምቤይ ነው፤ የዛሬዋ ሙምባይ፣ የዚያችው የማሃራሽትራ ዋና ከተማ። በህንዶቹ አልፈርድም፤ ወታደሮቹም ታዝዘው ነው የመጡ፣ ዝሆኖቹማ ምን ያውቃሉ።

ግን የኛው ዘውድ፣ ለኛው፣ በውሰት? አልፈርምም። ፈርም ያለኝ የለም፣ ቢሆንም አልፈርምም።