ስለ ምጣድ አመራረጥ

ስሟን ከሐሙስ ባገኘችው በሐሙሲት ገበያ ምጣድ ስገዛ፥ በችሎት ምስክር እንደሚመረመር ኹሉ አስቀድሜ ድምፁን እሰማለሁ። በጣት ሲያንኳኩት ድምፁ ጥርት ካለ ደኅና ነው፤ ከታፈነ ግን ስውር ስንጥቅ አለበት ወይም እሳት አልጠገበም። ቀጥሎም ውፍረቱ ከመካከል እስከ ዳር እኩል መኾኑን በእጅ መዳበስ ይገባል፤ በሳሳበት እንጀራው ያርራል፥ በወፈረበት ዓይን ሳያወጣ ይቀራል፥ ማገዶም በከንቱ ያልቃል። ከዚህ በኋላ ባለቤቴ ምጣዱን አግላ በተወቀጠ ጎመን ዘር እየፈተገች ታሟሸዋለች።

እንዲህ ያለውን ምጣድ ያበጀች ሸክላ ሠሪ ዋጋዋ ሊጎድልባት አይገባም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ በአፍ አክብሮ በዋጋ ማዋረድም ያው ስድብ ነው።