ሸረሪቷ ምን አጠፋች?

ጋምቤላ ከተማን ለሚያውቅ ሰው የማታዋን ነገር መንገር አያስፈልግም። ከባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ግድም ላይ ያለች ቆላ ናትና ቀን በሙቀቱ የተደበቀው ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ ብቅ ይላል። ሰውም ወንበሩን ይዞ ደጅ ይወጣል፣ ነፍሳቱም ይወጣሉ። በተለይ ግንቦት ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ከዶርማችን በር በላይ ባለው ፓውዛ ዙሪያ የማይመጣ ፍጥረት የለም። አሸኑ ክንፉን እየጣለ ይረግፋል፤ የእሳት እራቱ እንደ ስሙ ራሱን ለእሳት ያቀርባል፤ ጢንዚዛው ግድግዳውን ይገጭና በጀርባው ወድቆ ይንፈራገጣል። "እንደ አሸን ፈላ" የሚለውን አባባል በአፌ ስለው ኖሬ ትርጉሙን በዓይኔ ያየሁት እዚህ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ ጉድ እያለ በዶርማችን የሚከሰሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሸረሪት ናት። ባለፈው ዓመት አንድ የዶርም ጓደኛችን ጠዋት ሲነሳ አንገቱ ላይ በአለንጋ የተገረፈ የሚመስል ቀይ መስመር ወጥቶበታል። ከሰዓት በኋላ ውሃ መቋጠር ጀመረ፤ ያቃጥለዋል። "በቃ፣ ሸረሪት ሸንታብህ ነው!" ተባለ። አንዱ ሎሚ ቀባው አለ፣ ሌላው የጥርስ ሳሙና አመጣ። ከዚያ መጥረጊያ ተነሳና በአራቱም ማዕዘን ያለው ድር ከነባለቤቶቹ ተጠረገ። ፍርዱም ቅጣቱም ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ከኢታንግ የመጣ አንድ ጓደኛችን ግን ፍርዱን አልተቀበለም። "ማታ መብራት ሥር ስታጠና አንገትህ ላይ ያረፈ ነገር በእጅህ አልመታህም?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ አሰበና "ትናንት ሳይሆን ከትናንት ወዲያ መሰለኝ፣ ጉንዳን መስሎኝ ጨፈለቅኩት" አለ። ያኛው ሳቀ። "እናቴ መብራት ሥር የሚያርፍብህን ነገር አትምታው፣ እፍ በለው ነው የምትለን" አለን።

እኔም በነጋታው ማታ አንድ የጃም ጠርሙስ ይዤ ፓውዛው ሥር ቆምኩ። ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የፈለግኩትን አገኘሁ። ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ቀጭን፣ ብርቱካንማና ጥቁር ቀለም የተፈራረቀበት፣ ሲሄድ ጭራውን እንደ ጊንጥ ቀና የሚያደርግ ነገር ነው። ለሚያየው ጉንዳን ይመስላል። መምህራችን በማጉያ መነጽር አይተው የጢንዚዛ ወገን መሆኑንና ዘሩም ፔደረስ እንደሚባል ነገሩን። በመሐል ወገቡ ላይ ያለችው አጭር ሰማያዊ ነገር ጠንካራው የላይ ክንፉ ናት፤ መብረሪያው ክንፍ ከሥሯ ታጥፎ ይቀመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔደረስ አይነክስም፣ አይናደፍም። ነገር ግን በደሙ ውስጥ ፔደሪን የሚባል መርዝ አለው። መርዙን የሚሠሩት ደግሞ በሴቷ ሰውነት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ነፍሳቱን ቆዳችን ላይ ስንጨፈልቀው መርዙ ይፈስና በእጃችን በጠረግንበት አቅጣጫ መስመር ይሠራል። ያ የአለንጋ ምልክት የሚመስለው እንግዲህ የራሳችን እጅ የሣለው ነው። ክርን ወይም ጉልበት እጥፋት ላይ ከሆነ ደግሞ የሚነካካው ቆዳ ሁለቱም ወገን ይቆስላል። ጎረቤታችን ኬንያ በጣም ከመታወቁ የተነሳ "የናይሮቢ ዝንብ" የሚል ስም አግኝቷል፣ ዝንብ ባይሆንም።

ታዲያ ሸረሪት ለምን ተከሰሰች? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ጊዜው ነው። ቁስሉ የሚወጣው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ጥፋተኛው ሞቶ ተጠርጓል፣ ተረስቷልም። ሰው ጠዋት ሲነቃና ቀና ሲል የሚያየው ድሯን ዘርግታ የተቀመጠችውን ነው። የሸረሪት ኩስ ደግሞ ነጭ ለጥፍ የመሰለ ነገር እንጂ ቆዳ የሚያቃጥል ሽንት አይደለም።

"እሺ፣ ስሙ ሸረሪት ሆነ ፔደረስ ምን ለውጥ አለው?" የሚል ይኖራል። ለውጡን ያየሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። የጊቢያችን ጥበቃ ጋሼ (ስማቸውን ልተወው) ግንባራቸውን በአንድ ወገን ሦስት ቀን ያህል ሲያማቸው ቆይቶ ከዚያ ከቅንድባቸው በላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባቸው። ሰው ሁሉ ያንኑ የሸረሪት ሽንት አለ። እሳቸውም ቅጠል ሊቀቡ ተዘጋጅተው ነበር። ያ የኢታንጉ ልጅ አያቸውና "ጋሼ፣ ይሄ መስመር አይደለም፤ ደግሞ ሳይወጣ በፊት አሞዎታል። ይነሱ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ" አላቸው። እያጉረመረሙም ቢሆን ሄዱ።

በሽታው አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ተገኘ። ይህ በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት አቅም ሲደክም እንደገና ሲነሳ የሚመጣ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ይወጣል፤ ሕመሙ ከሽፍታው ይቀድማል። መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል፤ ዓይን አጠገብ ሲሆን ችላ ከተባለ ደግሞ ማየትን ሊያሳጣ ይችላል። ጋሼ ዛሬም ማታ ማታ መታወቂያችንን በእጅ ባትሪ እያበሩ ያነቡታል። አንድ የተሳሳተ ስም ዓይን ሊያስከፍል ነበር።

ሸረሪቷን በጠረግን ቁጥር ምን እንደምናጣም እናስብ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። በእኛ ቆላ ወባ ያልያዘው ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሸረሪት ደግሞ ያገኘችውን ትንኝ ትበላለች። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ፣ ኤቫርቻ ኩሊሲቮራ የምትባል እ.ኤ.አ. በ2003 ሳይንሳዊ ስም የተሰጣት ትንሽ ዘላይ ሸረሪት አለች። ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ ግድግዳ ላይ እያደባች ከሌላው ሁሉ መርጣ ደም የጠጣችውን የወባ ትንኝ ዘላ ትይዛለች። የእኛዋ ሸረሪት እሷ ናት አልልም፣ አጎበር ይቅር ማለቴም አይደለም። አጎበሩ በቦታው ይሁን። ግን በነፃ የምትሠራልንን ፍጥረት ባልሠራችው ወንጀል ማባረር ምን ይሉታል?

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎች የምለው ይህን ነው። መብራት ሥር ስታጠኑ የሚያርፍባችሁን አትጨፍልቁ፤ እፍ በሉት። ከተጨፈለቀም ወዲያው በውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ በዚያ እጅ ዓይናችሁን አትሹ። አጎበር ስትዘረጉ ከውስጡ አራግፉ። ሕመም ቀድሞት በአንድ ወገን የሚወጣ ሽፍታ ካያችሁ ለሎሚና ለጥርስ ሳሙና ጊዜ አትስጡ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ያ የጃም ጠርሙስ አሁን ቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ነው፤ በአኙዋክ፣ በኑዌር ወይም በመዠንግር ቋንቋ የነፍሳቱን ስም የሚያውቅ ወረቀቱ ላይ ይጻፍልን። ስሙን አጣርቶ የያዘ ሰው ክሱንም አይሳሳትም።

ቸር እንሰንብት።