ቡና ስንት ገባ?

ቤታችን የነበረችው ሬዲዮ በባትሪ ድንጋይ ትሠራ ነበር። ድንጋዮቹ ሲደክሙ እናቴ ጀንፈል ከተሰጣበት ሰሌን ዳር ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች፤ ማታ ትንሽ ነፍስ ይዘሩና ለዜና ያደርሱናል። ከዜናው በኋላ የሚመጣው ስፖርት ትርፍ ነው። በ1990 ዓ.ም. አንድ ምሽት፣ በዚያች ትርፍ ደቂቃ፣ ቡና የካይሮውን አል አህሊን ከአፍሪካ ሻምፒዮኖች ውድድር እንዳስወጣው ተነገረ። አባቴ ከዚያ ሁሉ ወሬ ለቅሞ የያዘው ሁለት ቃል ነው፤ ቡና እና ካይሮ። መብራት ለጆሮ የሚረዳ ይመስል ኩራዙን ወደ ሬዲዮዋ አስጠጋና «ስንት ገባ?» አለ።

እኛ ዘንድ፣ ካፋ ቢታ ገነት ላይ፣ «ቡና ስንት ገባ?» የሚባለው አንድ ነገር ለማወቅ ብቻ ነው፤ ሰብሳቢው ዛሬ ኪሎውን በስንት ያዘው ማለት ነው። ታላቅ ወንድሜ ሳቁን ውጦ «አባባ፣ ይሄ የኳሱ ቡና ነው» አለው። አባቴ ትንሽ አሰበና፣ «ቡና ደግሞ ምን እግር አለውና ኳስ ይጫወታል?» ብሎ ሬዲዮዋን ዘጋት። ድንጋይ ለመቆጠብ።

እኔ በዚያች ሌሊት የቡና ደጋፊ ሆኜ አደርኩ። አንድም ተጫዋች በስም አላውቅም፣ ስቴዲየም የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም፤ ግን ስሙ የእኛ ነው። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ስሙ እውነት የእኛ ነው ወይ ብዬ የጠየቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው። ልጅ ሳለሁ ነገሩ ግልጽ ነበር። ከጓሯችን እንለቅማለን፣ ሰብሳቢው ሚዛኑ ላይ ጣቱን ጣል አድርጎ ይገዛናል፣ ቡናው መኪና ላይ ተጭኖ በቦንጋና በጅማ በኩል አዲስ አበባ ይገባል፤ እዚያ ማልያ ያለብሱታል። ቡኒና ቢጫ። ቡኒው የተቆላው ነው፤ ቢጫው ደግሞ ለመቅላት ጥቂት ቀን የቀረው ፍሬ። ይህን የማልያ ትርጓሜ ለብዙ ልጆች አስተምሬያለሁ፤ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም።

የክለቡ ታሪክ ከጓሯችን ራቅ ይላል። የተመሠረተው በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሲሆን መሥራቾቹም ቡና የሚያዘጋጁ ሠራተኞች እንጂ የሚተክሉ አልነበሩም። «ኢትዮጵያ ቡና» ከመባሉ በፊት ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ቡና ገበያ» ብሎ ነው። ልብ በሉ፣ ስሙ ውስጥ ገበያ አለ፣ ጫካ የለም። ዘመኑ የደርግ ነበርና ኳሱም በመሥሪያ ቤት ተደልድሏል። መብራት ኃይል፣ መድን፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ መተሐራ ስኳር፤ የቡድኖቻችንን ስም ዝርዝር ያየ እንግዳ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሪፖርት ቢመስለው አይፈረድበትም። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው አንጋፋው ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ በዚያ ዘመን በቢራ ፋብሪካ ስም ተጫውቷል። እንግዲህ አስቡት፤ ቡና ከቢራ! አዲስ አበቤን እስከ ዛሬ ባልና ሚስት ሳይቀር የሚያኳርፈው ፉክክር ሥሩ ሲማስ ጠዋት ምን ይጠጣ፣ ማታ ምን ይጠጣ የሚል ጭቅጭቅ ይመስላል።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት፣ ኳስ በዱላ የሚመታበት፣ የገና ጨዋታችን የሩቅ ዘመድ የሚመስል ጨዋታ አላቸው። የሚልዋኪ ከተማ ቡድን ስሙ «ጠማቂዎች» ነው፤ ከተማዋ የቢራ ጠማቂዎች ከተማ ስለነበረች። በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ መቼ እንደሚጠምቁ እንጃ። ቡድኑ መጀመሪያ የሲያትል ነበር። እንደ ፈረንጆች በ1970 ሲያትልን ጥሎ ሚልዋኪ ገባና ጠማቂ ተባለ፤ በዓመቱ ሲያትል ውስጥ ስታርባክስ የመጀመሪያ ሱቁን ከፈተ። ቡድኗ ለቢራ የሄደባት ከተማ በቡና ተጽናናች ብዬ ደምድሜያለሁ። የሲያትል ሰው ላይስማማ ይችላል።

እኛ በተራችን ለዓለም ስም ያበደርን ነን እንላለን። ፈረንጅ «ኮፊ» የሚለው ከካፋ ነው። ከዐረቡ «ቀህዋ» ነው የመጣው የሚሉም አሉ፤ እነሱ ቦንጋ መጥተው፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙ በር ላይ ቆመው ይከራከሩ። እኛ ግን ቡናን በካፊኖኖ «ቡኖ» ነው የምንለው። እናቴ ጎረቤት ስትጠራ ካፋ ኑ ጠጡ ብላ አታውቅም። ዓለም አገራችንን ይጠጣል፣ እኛ ቡናውን። በዚህ ላይ አማርኛው ለስንት ዘመን «ከፋ» ብሎ ጻፈን። የአገርህ ስም ግስ ሲሆን፣ ያውም እንዲህ ያለ ግስ፣ መከራ ነው። ከተማ ለትምህርት ስሄድ «ከየት ነህ?» ሲሉኝ «ከከፋ» እላለሁ፤ «ምነው፣ ማን አስከፋህ?» ይሉኛል። ቀልዱ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይዞት ይመጣል። አሁን «ካፋ» ነው የሚጻፈው። ፊደሏ ላይ አንድ እግር ረዘም ተደረገና ተገላገልን። ለኳስም ሳይረዳን አይቀርም፤ ቦንጋ ካፋ ቡና የሚባል የራሷ ክለብ አላት፣ ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ በከፍተኛ ሊግ የተጫወተ። ቡናው የበቀለበት ከታች፣ ገበያው ከላይ። የጓሯችን ቡናና የዋጋው ነገር ትዝ አይላችሁም?

ፍየሎቹን ተከትሎ ቡና አገኘ ስለሚባለው እረኛ የምጠየቅ ከሆነ አጭር መልስ ነው ያለኝ። ወሬው በመጽሐፍ የወጣው እንደ ፈረንጆች በ1671፣ ሮም ላይ ነው። ሮም ደግሞ ከእኛው ከማንኪራ ጫካ ይልቅ ለፍየል ወሬ ትቀርባለች። ከጅማ ጋር ያለን «የቡና መገኛ ማን ነው» ክርክር ግን ከባድ ነው፤ እሱን ሽማግሌዎች ይዘውታል፣ እኔ ጅማ ውስጥ አማቾች ስላሉኝ አልገባበትም።

ወደ ኳሱ ልመለስ። በዕድሜዬ አንድ የውድድር ዘመን ከዳር እስከ ዳር ያየሁት 2013 ነው። ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ በቀጥታ የተላለፈው ያኔ ነው። በትግራይ ጦርነት የተነሳ ሦስቱ የክልሉ ክለቦች አልነበሩም፤ 13 ቡድኖች ቀሩ፣ ለእያንዳንዱ 24 ጨዋታ። ውድድሩም ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከጅማ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየዞረ ተካሄደ። ታህሳስ ላይ ሲጀመር እኛ እሸት ቡና እየለቀምን ነበርና ወጣቱ ሁሉ ጣቱ እንደጠቆረ፣ ከረጢቱን ትከሻው ላይ እንደጣለ፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። መግቢያ ይከፈላል። የራሴን አገር ስም ለማየት ከፍዬ መግባቴ መጀመሪያ ከነከነኝ፤ ኋላ ሳስበው የታሸገ የተቆላ ቡናም ከሱቅ ገዝቼ አውቃለሁ።

የዚያን ጊዜው የቡና አሠልጣኝ ካሳዬ አራጌ ኳስ በዋዛ አይለቀቅም የሚል ሰው ነው። ተከላካዮቹ ከበረኛው ጋር ኳሷን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሷት አግዳሚው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ከኋላዬ የሚቀመጥ አንድ ለቃሚ ነበር፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ «ቁሉት፣ ቁሉት» ይላል፣ ቅብብሉ ሲረዝም ይቁነጠነጣል፣ ተቃራኒ አጥቂ ሲጠጋ ብድግ ብሎ «ኧረ አረረ! አውጡት!» ይጮሃል። ኳሷ አቡበከር ናስር እግር ስትገባ ግን እሱም ይቀመጣል። ያ ልጅ በዚያ ዓመት 29 ግብ አገባ። ዮርዳኖስ ዓባይ ለ20 ዓመት ይዞት የቆየው የአንድ ዘመን ክብረ ወሰን 24 ነበር። ጀነሬተሩ እየጠፋ ከ29ኙ ስንቱን እንዳየሁ አልናገርም።

ሊጉ ጅማ በከረመበት ሰሞን ሄጄ ቢያንስ ከተማው ውስጥ ልታይ ብዬ ነበር። ለቀማ ላይ ነን፤ አባቴ «ቡና ጥለህ ቡና ልታይ?» አለኝ። ቀረሁ።

ግንቦት ላይ ውድድሩ ሲያልቅ ዋንጫው የፋሲል ከነማ ሆነ። ቤት ስገባ አባቴ በረንዳ ላይ የተረፈ ጀንፈል ያበጥራል። ፊቴን አየና «ምነው፣ ቡና ምን ሆነ?» አለ።

«ሁለተኛ ወጣ።»

ወንፊቱን አስቀመጠ። «ሁለተኛ ደረጃ? ታዲያ ምን አስከፋህ? የእኛው ሁልጊዜ አራትና አምስት እየተባለ አይደል የሚረክስ? ሁለተኛ ደረጃማ ውጭ አገር ነው የሚላክ።»

እንዳለውም ሆነ። ሁለተኛ የወጣ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ይጫወታልና በመስከረም 2014 ቡና ኡጋንዳ ተላከ። እዚያ የጠበቀው ዩአርኤ የሚባል ቡድን ነው፤ የኡጋንዳ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ቡድን። እነሱ አለፉ፣ ቡና ቀረ። ለአባቴ ስነግረው ቀና ብሎም አላየኝ።

«ቀራጭ ነዋ!» አለ። «ኬላ ላይ በነፃ ያለፈ ቡና የት ታውቃለህ?»