ጭስ ይጻፋል ወይ?

ግምጃ ቤት ውስጥ ጠላ ቤት የሚታወቀው በር ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ በተደፋ ጣሳ ነው። ጣሳው «ጠላ አለ» ይላል፣ በቃ። ምን እንደገባበት የሚያውቀው ጠማቂዋን የሚያውቅ ሰው ነው። ጠላው ከከተማ ሲወጣ ግን ያ እውቀት አብሮት አይሄድም።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የአጎቴ ልጅ ነው። የእናቴን ጠላ በጠርሙስ ሞልቶ አዲስ አበባ መሸጥ ፈለገ፤ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ለእኔ ሰጠኝ። እናቴን ግብዓቱን ጠየቅኳት።

«ጌሾ፣ ብቅል፣ አሻሮ፣ ውሃ። አታውቀውም እንዴ?»

«ወይራውስ?»

«ጭስ ደግሞ ይጻፋል?» ብላ ሳቀች። ቀጥላ፣ «ይልቅ ቀኑን ጻፍ። ጠላ ይቆመጥጣል» አለች።

እናቴ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች። ለእሷ ጽዳት ነው። ጠጪው ግን ገና ጣሳውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ የሚያገኘው ያንን ጭስ ነው። ታዲያ ወይራ ግብዓት ነው ወይስ ዕቃ ማጠቢያ?

የቢራ ሕጎችን ሳገላብጥ ጥያቄው የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1516 የወጣው የባቫሪያ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ ብቻ ይሠራ ይላል። እርሾ የሚል ቃል የለበትም! የእናቴም ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ከጌሾው፣ ከእህሉ፣ ከጋኑ ራሱ ይመጣላ። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ደግሞ የታሸገ ምግብ ግብዓቶች በክብደት ከብዙ ወደ ጥቂት ይዘርዘሩ ይላል። ጭስ ስንት ግራም ይመዝናል? አሜሪካ ውስጥ ቢራ ላይ ጣዕም ሰጪ ከተጨመረ መለያው ያንን መናገር አለበት። እኔን የሳበኝ ይሄኛው ነው።

ምክንያቱም የጭስ ጣዕም ዛሬ በጠርሙስ ይሸጣል፤ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ነገ አንዱ እሱን ጨምሮ «የባህል ጠላ» ብሎ ቢሸጥ፣ የእናቴን ጠርሙስ ከእሱ የሚለየው ምንድነው? እሷ ጋን ላይ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗ እያነባ፣ ፍሙን በወይራ ስትቀልብ ነው የምትውለው። «የጭስ ጣዕም የተጨመረበት» እና «በወይራ በታጠነ ጋን የተጠመቀ» አንድ ነገር አይደሉም። ገዢው ሁለቱንም ሊወድ ይችላል፤ መብቱ ነው። የትኛውን እንደገዛ ግን ይወቅ።

የአጎቴ ልጅ ወረቀቱ ጠባብ ነው፣ «የባህል ጠላ» ብለህ እለፈው ይለኛል። «የባህል» የሚለውን አወጣሁት። በእሱ ቦታ ወይራውና ጠላው የተጠለለበት ቀን ገቡ።